እጃጂ ላይ የጮኸው ሞተሪኖ

ጎረቤቴ የገዛት አሮጌ ቶዮታ ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ስትነሳ ትጮሃለች። "ክርርርር" ትላለች፣ ታርፋለች፣ ደግሞ "ክርርርር"። ሰውየው የባንክ ሠራተኛ ነው። ከረባቱን አስሮ ቁልፉን ደጋግሞ እያዞረ የሚያስጮሃት መስኮቴ ሥር ነው። ባለቤቴ፣ "አንተ መካኒክ አልነበርክም? ወጥተህ እይለት እንጂ" ትለኛለች። እኔ ግን ብርድ ልብሱን ወደ ላይ እስባለሁ። ስንፍና አይደለም፤ ስንፍና ቢሆን አልደብቅም ነበር። ያንን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አርባ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ እሄዳለሁ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባቴ አስተማሪ ስለነበር በዝውውር አምቦ መጥተን እዚያው ቀረን፤ እኔም በአንድ መሥሪያ ቤት ጋራዥ ውስጥ ረዳት መካኒክ ሆኜ ተቀጠርኩ። ጋራዥ መባሉ ነው እንጂ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ጉድጓድና ሦስት መኪና ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። መለዋወጫ የሚባል ነገር ጠፍቷል፤ ብንጽፍ ብንጽፍ መልስ የለም። ስለዚህ ጋራዣችን የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነበር፤ የጮኸ ነገር ሁሉ ግራሶ ይቀባል። በር ጮኸ፣ ግራሶ። የመኪና ባሌስትራ ጮኸ፣ ግራሶ። የሥራ አስኪያጁ ወንበር እንኳ ጮኾ ግራሶ ቀብተንለት ሱሪውን አበላሽተናል። ዋናው መካኒክ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሲሄድ የግራሶው ጣሳ በኔ እጅ ወደቀ፤ እኔም እንደ ሐኪም ተኮፈስኩ።

ከሦስቱ መኪኖች ያረጀችው ላንድሮቨር ነበረች። የሚነዷት ኦቦ ዳባ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። ጸሎት ቤታቸው ታሽጎባቸው በየሰው ቤት ተሰብስበው ከሚጸልዩት ጴንጤዎች አንዱ ናቸው። መጠጥ አይቀምሱም፣ ሲጋራ አያጨሱም፤ ከሁሉ የሚገርመው ግን አይዋሹም። ሹፌር ሆኖ የማይዋሽ ሰው እኔ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

አንድ ቀን ጠዋት፣ "ግርማ፣ ሞተሪኖው ይጮሃል፤ እስኪ እየው" አሉኝ። ሞተሪኖ ቁልፍ ሲዞር ዋናውን ሞተር አሽከርክሮ የሚያስነሳው ትንሹ ሞተር ነው። ዘንጉ ላይ ቤንዲክስ የምንለው ትንሽ ጥርሳም ብረት አለ። እሱ ወደፊት ይወረወርና የቮላኖውን፣ ማለትም የትልቁን ጥርሳም ብረት፣ ጥርስ ይነክሳል፤ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ለቅቆ ወደ ቦታው ይመለሳል። ፈትቼ አየሁት። ማሰሪያ ቡለኖቹ ላልተው ኖሯል፣ ጩኸቱ ከዚያ ነበር። አጥብቄ ባቆም ኖሮ ዛሬ የማወራው ባልኖረኝ። ግን እጄ አላርፍ አለኝና የቤንዲክሱን ዘንግ ለጎማ ኩሽኔታ በሚሆነው ወፍራም ግራሶ ለቀለቅኩት።

ኦቦ ዳባ አጠገቤ ቆመው ያያሉ። "ይሄን ሁሉ ይፈልጋል እንዴ?" አሉኝ።

"ኦቦ፣ መንዳቱ ለርስዎ፣ መጠገኑ ለኔ" አልኳቸው። ሳቁ። መኪናዋም ዝም አለች፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ።

የካቲት ነበር፤ መሬቱ ደርቆ አቧራው የሚነሳበት ወር። የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ጓድ ወርቁ ለገበሬዎች ስብሰባ ኦቦ ዳባ በሚነዷት ላንድሮቨር ከጌዶ ማዶ ወዳለችው እጃጂ ሄደ። ስብሰባውን ጨርሶ ከቀትር በፊት ጌዶ መድረስ ነበረበት፤ እዚያ አለቆቹ ይጠብቁታል። መኪናዋ ግን አልነሳም አለች። ጮኸች፣ አጓራች፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ እስኪያያት ድረስ ተንገጫገጨች እንጂ አልነሳችም። ከሰዓት በኋላ ወደ አምቦ ስልክ ተደወለ፤ ኦቦ ዳባ በአሻጥር ተጠርጥረው ታስረዋል ተባለ።

በዚያ ዘመን አሻጥር የሚሉት ቃል ቀልድ አልነበረም። በሱ ተጠርጥሮ ወጥቶ የቀረ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያም በላይ ሰውየው ጴንጤ ናቸው፤ ሰበብ ሲፈለግባቸው ከርሟል። ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ነገ ሂድ። መኪናዋን ፍታና የተበላሸችው በእርጅና ይሁን በሰው እጅ፣ ጽፈህ ፈርም" አለኝ። ፊርማዬ የሰው ዕድሜ ላይ ሊያርፍ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ነቀምቴ የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ልሳፈር ስል የኦቦ ዳባ ባለቤት፣ አዴ አያንቱ፣ እየሮጡ መጡ። በጨርቅ የታሰረ ጭኮ ይዘዋል።

"ኢልማ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ "መኪናዋን የምታውቃት አንተ ነህ። እሱ እንዳላበላሸ ንገርልኝ። ይሄን ደግሞ ከእጅህ ይብላ።"

ጭኮውን ጭኔ ላይ አድርጌ ጋቢና ውስጥ ተቀመጥኩ። የተቆላው ገብስና የቅቤው ሽታ ሌላ ቀን ቢሆን ምራቄን ያስውጠኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን አቅለሸለሸኝ። ጉደርን እስክናልፍ፣ ባትሪዋ ደክሞ ይሆናል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። የጌዶን ዳገት ስንወጣ፣ በዚያ ብርድና በባሕር ዛፉ መሀል፣ ቡለኑ እንደገና ላልቶ ነው አልኩ። ከጌዶ ወደ እጃጂ ቁልቁል ስንወርድ ግን ቀይ አቧራ በመስኮት ገብቶ ላብ ባረሰው ክንዴ ላይ ተለጠፈ። ክንዴን አየሁት። ግራሶውስ ምን ይዞ ይሆን? ያኔ ወሽመጤ ቁርጥ አለ።

እጃጂ ስንደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። ጓድ ወርቁ ከገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ሁለት ሚሊሻዎች አጠገቡ ቆመዋል። ሰላምታዬን አልመለሰም።

"አንተ ነህ ባለሙያው?"

"አዎ ጓድ።"

"እንዲህ ያለ ብልሽት በሰው እጅ ሊሆን ይችላል?"

እስኪ ልይ፣ ገና አልፈታሁትም ማለት እችል ነበር። እኔ ነኝ ማለትም እችል ነበር። የወጣችልኝ ግን አንዲት ቃል ናት።

"ይችላል" አልኩ።

ጓድ ወርቁ ወደ ሚሊሻዎቹ ዞረ። "ሰማችሁ? አመሻሹ ላይ ልለቀው ነበር። ይደር። ነገ ጠዋት እሱ ባለበት ትመረመራለች። እስከዚያ ማንም አያነጋግረው።" ጭኮውን አንደኛው ሚሊሻ ከእጄ ተቀበለኝ፤ ያድርስላቸው ይብላው አላወቅሁም። ያን ሌሊት ከመንገዱ ዳር ባለች ሆቴል አልጋ ይዤ አደርኩ፤ እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

ጠዋት ኦቦ ዳባን አወጧቸው። ጺማቸው ነጭ በነጭ ሆኖ በቅሏል፤ ኮታቸውን ግን እስከ ላይ ቆልፈዋል። ሲያዩኝ ፊታቸው ፈካ። "ነጋ ጅርታ፣ ግርማ? ደህና ነህ? ልጆቼ ደህና ናቸው?" አሉኝ። ደህና ናቸው አልኩና ዓይኔን ወደ መኪናዋ አሸሸሁ።

የፊት መብራቱን ሳበራው ቦግ አለ፤ ባትሪው ጤነኛ ነው። ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው ብቻውን "ዊይይይ" ብሎ ሾረ፤ ይሽከረከራል እንጂ አይነክስም ማለት ነው። ደግሜ ሳዞረው ግማሽ ነክሶ "ክርርርር" ብሎ ጮኸና ተቀርቅሮ ቀረ።

"አያችሁ?" አለ ጓድ ወርቁ። "ይሄ ሰውዬ ማርሽ አስገብቶ መኪናዋን ወደፊት ወደኋላ ሲያንገጫግጫት ሰው አይቶታል። ሲሰብራት ነው።"

"ኧረ ጓድ፣ ያ ማስለቀቂያ ነው" አልኩ። "ጥርሱ ሲቀረቀር እንደዚያ ነው የሚለቀው።" እጃጂ ከገባሁ ጀምሮ የተናገርኩት የመጀመሪያው ደህና ቃል ነበር፤ እሱ ግን አልሰማኝም።

መሬት ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ሞተሪኖውን ፈታሁት። ሳወጣው ግራሶው የሦስት ሳምንት አቧራ ጠጥቶ ጥቁር ጭቃ ሆኗል፤ ቤንዲክሱ ዘንጉ ላይ ተጣብቆ እንኳን ሊወረወር በጣቴም አልንቀሳቀስ አለ። የገዛ እጄን ሥራ እያየሁ ነው። መሐረቤን አውጥቼ ልሸፍነው፣ ልጠርገው ስል ጓድ ወርቁ አጎንብሶ አየ።

"ምንድን ነው ያ ጥቁር ነገር?"

"ግራሶ ነው።"

"እዚያ ላይ ይደረጋል?"

"አይደረግም። አቧራ ይሰበስባል፣ ያጣብቀዋል።"

"እና ማነው ያደረገው?" ብሎ ወደኔ ሳይሆን ወደ ኦቦ ዳባ ዞረ። "አንተን ነው። ማነው ያደረገው?"

ኦቦ ዳባ መሬት መሬት ያያሉ።

"ማነው እልሃለሁ! በእጅህ ያለች መኪና ናት።"

አሁንም ዝም። ያኔ ነገሩ ገባኝ። አላውቅም እንዳይሉ አይዋሹም፤ ያውቃሉ፣ አጠገቤ ቆመው አይተዋል። ስሜን እንዳይጠሩ ደግሞ አሳዝናቸዋለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ሲጠየቁ የኖሩት በዚህ ዝምታ ነው፤ ዝምታው ደግሞ ጥፋተኛ አስመስሏቸዋል። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ግን ተነሳሁ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ጋራዥ ውስጥ የቀባሁት እኔ ነኝ፣ ጓድ። ባለማወቅ ነው። እሳቸው እንዲያውም ይሄን ሁሉ ይፈልጋል ወይ ብለውኝ ነበር።"

ጓድ ወርቁ ዓይን ዓይኔን አየኝ። "ትናንት ለምን አልተናገርክም?"

"ሳልፈታው በምን አውቃለሁ?" አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

የቀረው ሥራ የአንድ ሰዓት ነበር። ከታንከሩ በቀጭን ጎማ ጥቂት ቤንዚን ስቤ ቤንዲክሱን ብረቱ እስኪያበራ አጠብኩት፤ ጫፍ ጫፉ የተበላውን ጥርስ በሞረድ አስተካከልኩ፤ ዘንጉን በደረቅ ጨርቅ ወልውዬ፣ ምንም ሳልቀባ፣ ቦታው መልሼ አሰርኩት። ጓድ ወርቁ ኦቦ ዳባን መሪው ላይ አስቀመጣቸው። ቁልፉን ባንድ ጊዜ አዞሩት፤ ሞተሩ ያለ ምንም ጩኸት ተነሳ። አምስት ጊዜ አጥፍተው እንዲያስነሱት አደረጋቸው፤ አምስቱንም ጊዜ ተነሳ።

ወደ አምቦ ስንመለስ ኦቦ ዳባ ነዱ፤ እኔ ከኋላ በሁለቱ ሚሊሻዎች መሀል ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ቀን ታሰርኩ። ግለ ሂስ ጻፍ ተብዬ ጻፍኩ፤ ሠራተኛው ተሰብስቦ አነበብኩት። ኦቦ ዳባ በዘጠኙም ቀን ምሳ አመጡልኝ፤ አንዳንዴ ቂጣ በአይብ፣ አንዳንዴ ያንኑ ጭኮ። በዚያ ጊዜ ለታሰረ ሰው ምግብ ማመላለስ ራሱ የሚያስጠረጥር ነገር ነበር።

የተፈታሁ ቀን ከበር ጠብቀውኝ በሁሉቃ ወንዝ ዳር አብረን ወደ ቤት ሄድን። መንገድ ላይ ቆም አሉ።

"ግርማ፣ ይቅርታ ልጠይቅህ" አሉኝ። "ያን ቀን ሦስተኛ ጊዜ ቢጠይቀኝ ስምህን ልጠራ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ልጆቼ ፊቴ ላይ መጡብኝ፣ አልቻልኩም። አንተ ቀድመህ ባትናገር አሳልፌ እሰጥህ ነበር። ይቅር በለኝ።"

መናገሪያው ሰዓት ያ ነበር። ኦቦ፣ ሊለቅዎት ነበር፤ እኔ ነኝ ያሳደርኩዎት ልላቸው ይገባኝ ነበር። ደግሞም አፌን ከፈትኩ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ሲያዩኝ ግን፣ ለሳቸው አንድ ጀግና ልጅ ሆኜ መታየቴ ጣመኝ መሰለኝ፣ "ይቅር ብያለሁ፣ ኦቦ" አልኳቸው። ይቅር አልኳቸው። እኔ፣ እሳቸውን።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አብረን ሠራን። ልጃቸውን ሲድሩ ሚዜ ሆንኩ፤ ልጄ ስትወለድ ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። ያረፉት የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። ለቀስተኛው ስለሳቸው ደግነት ሲያወራ አዴ አያንቱ እኔን እያሳዩ፣ "ይሄ ልጅ ነው ባሌን ከእስር ያወጣው" ይሉ ነበር። አንገቴን ደፋሁ። ሰው ሁሉ ከሐዘን መሰለው።

ስለ ግራሶው አልጨነቅም። አላዋቂ ነበርኩ፣ ከዚያ በኋላ ተማርኩ፤ የጮኸ ሁሉ ግራሶ እንደማይቀባ ለስንት ወጣት መካኒክ አስተምሬያለሁ። ፈሪ መሆኔንም ራሴን ይቅር ብያለሁ፤ በዚያ ጊዜ ያልፈራ ማን ነበር? ያቃተኝ የወንዙ ዳር ነገር ነው። እዚያ ማንም አላስፈራራኝም፣ ካድሬ የለም፣ ጠመንጃ የለም፤ የነበረው ይቅር በለኝ የሚል አንድ ደግ ሰው ብቻ ነው። አሁን የሚሰሙኝ ባይሆንም ልበለው፦ ኦቦ ዳባ፣ እጃጂ ላይ ሁለተኛዋን ሌሊት ያሳደርኩዎት እኔ ነኝ።