የደፈንኳት ቀዳዳ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በታኅሣሥ፣ ውርጩ የደብረ ብርሃንን ሣር ባነጣበት ሰሞን ነው። ከሁለት ሴቶች በቀር ለማንም አልተናገርኩትም። ዛሬ የምጽፈው ብቻዬን መያዙ ስለከበደኝ ነው።

ሥራዬ የቧንቧና የማሞቂያ ገጠማ ነው። ትውልዴ አንኮበር፣ እንጀራዬ ደብረ ብርሃን።

እትዬ ዘነቡና ታናሽ እህታቸው አስካለ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ናቸው። እዚያ ማሳና ከብት ነበራቸው፤ እዚህ የመጠለያ ድንኳን። አንድ በጎ አድራጊ አራት መቶ ጫጩትና አንድ ያገለገለ ማሞቂያ ማሽን ሰጣቸው። በከተማው ዳር፣ በአንኮበር መውጫ፣ የብሎኬት ቤት ተከራይተው ገቡና ማሽኑን እንድገጥም ጠሩኝ። ጫጩቶቹ ካደጉ ከድንኳን ኑሮ ለዘለቄታው ይወጣሉ፤ ካለቁ ሌላ ተስፋ የለም። እትዬ ዘነቡ ይህን ሳይደብቁ ነገሩኝ።

ማሽኑ የውጭ አየር እየሳበ፣ ከዚያው ከቀዝቃዛው አየር ሙቀት አውጥቶ ወደ ቤት የሚያስገባ ነው። ስለዚህ ከጀርባው ግድግዳው ተበስቶ ሰፊ የአየር መግቢያ ይፈልጋል። ለሚያንጠባጥበው ውሃ ደግሞ ወደ ውጭ የሚያወጣ ቱቦ ይዘረጋለታል። ሁለቱንም ሠራሁ። ቱቦውን ግን ውርጭ የሚከላከል ነገር ሳላለብሰው ግድግዳው ጥግ መሬት ለመሬት ጎተትኩት።

የአየር መግቢያዋ ቀዳዳ ደግሞ አላስቀመጠችኝም። እኛ የብርድ አገር ሰዎች ነን። የአንኮበር ሚኒባስ ውስጥ ሰው በላብ ቢጠመቅ መስኮት ሊከፍት የሚደፍር የለም፤ የከፈተ እንደሆነ «ብርድ ልታስመታን ነው ወይ?» ይባላል። ከውርጭ ውስጥ ሙቀት ይወጣል የሚለውን ወረቀቱ ላይ አነበብኩት እንጂ ልቤ አልተቀበለውም። እህትማማቾቹ ዘወር ሲሉ ስፖንጅ ቆርጬ ቀዳዳዋን በጓሮ በኩል ጥርቅም አድርጌ ደፈንኳት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ማለዳ እትዬ ዘነቡ ደወሉ። «ወንድሜ ድረስልኝ፣ አለቁብኝ» አሉና ስልኩ ተቋረጠ።

ስደርስ ማሽኑ አየር አጥቶ በረዶ ጋግሮ ቆሟል። ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ውርጭ መትቶት ድንጋይ ሆኗል። መውጫ ያጣው ውሃ ወደ ቤት ተመልሶ ጫጩቶቹ የተኙበትን ገለባ አርሶታል። ረጥበው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተከምረው ነበር። አስካለ ተንበርክካ አንድ በአንድ በነጠላዋ ታደርቃቸዋለች። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ በየጉያው ያዛቸው። ከአልዩ አምባ መጥተው በሰፈሩ የሚነግዱ አንድ ሽማግሌ ካፖርታቸውን ከፍተው አሥር ያህሉን ደረታቸው ላይ ሸሸጉ። በየመሃሉ «ያ ረቢ» ይላሉ።

እኔ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። ከሁሉ በፊት በጓሮ ዞሬ ስፖንጁን መንጭቄ ኪሴ ከተትኩት። የፈላ ውሃ ቱቦው ላይ ያፈሰስኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ማሽኑ ሲነሳ ረፍዶ ነበር። በሕይወት የቀሩት ሠላሳ አይሞሉም። እትዬ ዘነቡ የሞቱትን በማዳበሪያ ሲለቅሙ ቆዩና ሌሊቱን ስትጠብቅ ወዳደረችው እህታቸው ቀና አሉ።

«በሩን ሳትዘጊው ነው የተኛሽው» አሏት።

«ኧረ ዘግቼዋለሁ» አለች አስካለ።

«ታዲያ ማሽኑ በረዶ እስኪጋግር ድረስ ይህ ሁሉ ብርድ በየት ገባ?»

አስካለ ወደ እኔ ዞረች፤ የሙያው ሰው እኔ ነኝና። እኔ መፍቻዬን እሰበስብ ነበር።

አንድ ቃል ብናገር ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ፈራሁ። አስካለ በዚያው ቀን ልብሷን ጠቅልላ ወደ መጠለያው ተመለሰች። እህትማማቾቹ መነጋገር እንዳቆሙ ከጎረቤት ሰማሁ።

ሁለት ወር እህል አልጣመኝም። በየካቲት እትዬ ዘነቡ ቤት ሄጄ ሁሉንም አፈረጥኩት። ይረግሙኛል ብዬ ስጠብቅ ነጠላቸውን አነሱ። «ተነስ፣ ለእሷ ንገራት» አሉኝ።

አስካለ ድንኳኑ ደጃፍ ልብስ ታጥብ ነበር። ከስታለች። ስለ ስፖንጁም ስለ ቱቦውም ስናገር እስክጨርስ እጇን ከውሃው አላወጣችም።

«እና በሩን» አለች በመጨረሻ፣ «ዘግቼው ነበር ማለት ነው?»

«ዘግተሽው ነበር።»

«እኔ እኮ ሳልዘጋው ቀርቼ ይሆናል ብዬ አምኜ ነበር።»

እትዬ ዘነቡ አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

ሁለቱም ይቅር ብለውኛል። አሁን የአየር ቀዳዳ ስበሳ ክፍት እተዋለሁ፣ የውሃ ቱቦም አለብሳለሁ። ጫጩትም ቢሆን በጫጩት ይተካል። አንዲት ሴት ግን እኔ ዝም በማለቴ ሁለት ወር ሙሉ የገዛ እጇን ሳታምን ኖረች። ያንን በምን እንደምተካላት እስከ ዛሬ አላውቅም።