የዳክዬ እርምጃ

ሰፈርተኛው «ዳክዬ» ይላታል። ስሙን ያወጡላት የጎረቤት ልጆች ናቸው፤ ገና ተማሪ ሳለች ጠዋት ጠዋት በአስፋልቱ ዳር ወገቧን እያወዛወዘች ስትለማመድ አይተው። የእርምጃ ተወዳዳሪ ነበረች። እርምጃ እንደ ሯጭ የሚቸኮልበት፣ መሮጥ ግን ክልክል የሆነበት ስፖርት ነው። አንዱ እግር ሁልጊዜ መሬት መንካት አለበት፤ የረገጠው እግር ጉልበቱ መታጠፍ የለበትም። ዳኞች በየመንገዱ ዳር ቆመው እግር እግር ያያሉ። ሦስቱ አጥፍታለች ካሉ፣ ዋናው ዳኛ ቀይ ሰሌዳ ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ ልመና የለም።

በስሙ ተናዳ አታውቅም። «ዳክዬን ውሃ አያሰምጣትም» ትል ነበር እየሳቀች።

በትልቁ የዓለም ውድድር ቀን ከፊት ሆና ስታዲየም ገባች። ከኋላዋ የሚከተላት ሰው አልነበረም። መጨረሻው መስመር ፊት ለፊቷ ሲታያት፣ ዋናው ዳኛ ከጎን ብቅ ብሎ ቀዩን ሰሌዳ ዘረጋባት። አይታዋለች። ግን ካላየሁት አልሆነም ብላ አልፋው ሄደች። ሰውዬው ሰሌዳውን ከፍ አድርጎ ከኋላዋ ዱብ ዱብ ይላል፤ እሷ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ጥርሷ ሁሉ ታይቶ መስመሩን አለፈች። ባንዲራ አምጡልኝ ብላ ዞር ስትል ነው ሁለት ሰዎች ክንዷን ይዘው በጓሮ በር ያስወጧት።

ያ ምስል ነው አገር ያዳረሰው። ፊት ለፊት የደስታ እጆች፣ ከጀርባ ቀይ ሰሌዳ የያዘ ጎልማሳ። ሙዚቃ ጨመሩበት፤ እየደጋገሙም አሳዩት።

እሷ በመውጣቷ አራተኛ የነበረችው ሦስተኛ ሆነች። ያቺ ደግሞ የክለቧ ልጅ፣ በውድድር ጉዞ አንድ ክፍል የምትጋራት ጓደኛዋ ነበረች፤ ሁሉም «ቀጭኗ» የሚሏት። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አበባው ለቀጭኗ ሆነ። ቀጭኗ እጇን ይዛ ወደ ፎቶው ልትስባት ብትሞክር ፎቶ አንሺው፣ «እህት፣ አንቺ ትንሽ ፈቀቅ በይልኝ» አላት። ፈቀቅ አለች። ሻንጣዋን ራሷ ጎትታ ታክሲ ያዘች።

ቤት ስትደርስ ልብስ ሰፊዋ እናቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ «መጣሽ?» አለቻት። ሌላ ጥያቄ አልነበረም። ማታ ግን በመስኮቱ በኩል ለጎረቤቷ ስትናገር ሰማቻት። «ልጄ አሟት ነበር እኮ፤ ትኩሳት ይዟት ነው የገባችው። እንዲያው ልጄ ጤነኛ ብትሆን እንዲህ ሆና ትታያለች?» ዳክዬ ያን ሌሊት ግድግዳ ስታይ አነጋች። ስድብ ቢሆን ትችለው ነበር። እናቷ በእሷ ማፈሯ ግን አጥንቷ ድረስ ገባ።

ታላቅ ወንድሟ ፀጉር አስተካካይ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ቁልፍ ልትወስድ ሱቁ ስትገባ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ደንበኛ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ ስልክ ይዞ በሳቅ ይንፈራፈራል። ወንድሟም ምላጩን በአየር ላይ አንጠልጥሎ አብሮ ይስቃል። በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተጋጩ።

«ምን ላድርግ?» አላት ወንድሟ ተከትሏት ወጥቶ። «ደንበኛ ነው። ካልሳቅሁ ያውቅብኛል።»

«ምኑን?»

«እህቴ መሆንሽን።»

ቁልፉን ተቀብላ ሄደች።

ክለቡ እንደ ደንቡ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጠራ። ሰውዬው በአዳራሹ ሥዕል እያሳየ ሽንፈት አስተማሪ ነው አለ። ዳክዬ እጇን አወጣች።

«አንተ ተሸንፈህ ታውቃለህ?»

«እንዴታ! ፈተና ሁሉ ወድቄ አውቃለሁ።»

«ማን አየህ?»

ሰውዬው ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፈ። ከዚያ ወዲያ ክለብ መሄድ ተወች። አልጋ ላይ ሆና ያንን የመጨረሻ መታጠፊያ በሐሳቧ ትሄድበታለች፤ እግሯን ታያለች፤ ከመሬት አልተነሳም። እንደገና ትሄድበታለች፤ አሁን ደግሞ ተነስቷል። አንዳንዴ እንቅልፍ ላይ ወገቧ ብቻውን ይወዛወዛል። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ክለቡም ደመወዟን በግማሽ ቆረጠው።

የመጣችው ቀጭኗ ብቻ ነበረች። በየጠዋቱ በሩን ታንኳኳለች። «ተነሺ፤ ጫማሽን አድርጊ። ብትፈልጊ አታናግሪኝ፣ ብቻ ተነሺ።» ውሃዋን ትይዝላታለች፣ እግሯን ታሽላታለች። ዳክዬ ተነሳች። አብረው ልምምድ ጀመሩ። ግን ቀጭኗ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ባሰረችላት ቁጥር፣ አንገቷ ላይ የሌለው ሜዳሊያ ይታያታል። የእኔ ነው እኮ፤ እኔ ወድቄ ነው አንቺ ያነሳሽው። አፏ አመሰግናለሁ ይላል፤ ሆዷ ሌላ ነው።

አንድ ቀን ዳገቱ ላይ ተቀምጠው ሲያርፉ ቀጭኗ አመነቻት። «አንድ ነገር ልንገርሽ? ስደክም የግራ ጉልበቴ ይከዳኛል፤ ይታጠፋል። ዳኛ አይቶት አያውቅም፤ እኔና አንቺ ብቻ ነን የምናውቀው።»

«አይዞሽ» አለቻት ዳክዬ።

ለሚቀጥለው የዓለም ውድድር በእርምጃ የምትሄደው አንዲት ሴት ብቻ ሆነች። በማጣሪያው ሁለቱ ሌሎቹን ጥለው ወጡ። ዳክዬ የዳኞቹን ቦታ አስቀድማ ተመልክታ ነበር። ዳኛ በሌለበት ቀስ ትላለች፤ ዳኛው ጋ ሲደርሱ ድንገት ፍጥነት ትጨምራለች። ቀጭኗ ላለመቅረት ትከተላለች። መጀመሪያ አልገባትም። በኋላ ግን ትንፋሿ እየተቆራረጠ ከኋላ ጠራቻት።

«ቀስ በይ እንጂ! እኔ ነኝ እኮ! እኔ ነኝ!»

ዳክዬ ጨመረች።

ቀዩ ሰሌዳ የወጣው ለቀጭኗ ነው። እንደ ዳክዬ አልፋው አልሄደችም። እዚያው መንገዱ ዳር ቁጭ ብላ የግራ ጉልበቷን በሁለት እጇ ያዘች። ክለቡ ዕድሜዋ ሄዷል ብሎ ውሏን ሳያድስላት ቀረ። ዳክዬን ማንም አልወቀሳትም፤ መፍጠን ጥፋት አይደለማ። አሰልጣኙ እንዲያውም፣ «ዛሬ በጭንቅላትሽ ሄድሽ» ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

ወደ ዓለም ውድድሩ ሄደች። መነሻው ላይ ደህና ነበረች። የመጀመሪያውን ዳኛ ስታይ ግን እግሯ እንደ እንግዳ እግር ሆነባት። እንዳይነሳብኝ፣ እንዳይታጠፍብኝ እያለች መሬቱን እየለመነች ሄደች። አንድ በአንድ አለፏት። ከመጨረሻዎቹ ጋር ስትገባ ሠራተኞቹ የማስታወቂያ ጨርቁን እየጠቀለሉ ነበር። ማንም አልሳቀባትም፤ የሚቀርጻትም አልነበረም።

«ቢያንስ ጨርሰሻል» አላት አሰልጣኙ ሰዓቱን እያየ።

ስትመለስ ቀጭኗን ፈልጋ ሄደች። ዳቦ ቤት ተቀጥራ ነበር። ወረፋ ይዛ ደረሳት።

«ስንት ልስጥሽ?» አለቻት ቀጭኗ።

«ይቅርታ ልልሽ ነው የመጣሁት።»

«ሕግ ጣስሽ እንዴ?»

«አልጣስኩም።»

«እንግዲያው ለምን ይቅርታ ትይኛለሽ?» ዱቄቱን ከእጇ አራገፈች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ቀን ከኋላሽ ሆኜ ስጠራሽ ሰምተሽኛል?»

ዳክዬ አልሰማሁም ማለት ትችል ነበር። ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር።

«ሰምቼሻለሁ» አለች።

ቀጭኗ ጥቂት አየቻት። «እኔ እኮ ንፋስ ነበር፣ አልሰማችኝም እያልኩ ራሴን ሳታልል ነው የከረምኩት። ይህን ልትወስጂብኝ ነው እዚህ ድረስ የመጣሽው?» ቀጥላም አሻግራ አየችና፣ «አባባ፣ እርስዎ ስንት ልስጥዎ?» አለቻቸው ከኋላ ያሉትን ሽማግሌ።

ዳክዬ ቦታውን ለቀቀች።

እስካሁን ትወዳደራለች። ክለቡ አላባረራትም፤ ለአዳዲሶቹ ልጆች አርአያ ናት ይላሉ ኃላፊዎቹ። ልጆቹ ያከብሯታል፤ ሲያይዋት ከመቀመጫቸው ይነሳሉ። ልምምድ ላይ ግን ጥንድ ጥንድ ሁኑ ሲባል አንዷም ወደ እሷ አትመጣም። አሰልጣኙ ማጣመር ሰልችቶት ትቶታል። እሷም ብቻዋን፣ ከሁሉም ቀድማ ወደ አስፋልቱ ትወጣለች።