ከሊል ተብሎ ሲጠራ

በ1958 ዓ.ም. የመጋቢት ወር ሊያልቅ ሲል ለአቶ አሻግሬ ወልደየሱስ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ መጣለት። የላኩለት በአቃቂ የሚኖሩ አርበኞች ነበሩ። እነዚህ ሽማግሌዎች ማኅበር አላቸው፤ በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን፣ በድሉ በዓል፣ ለሠፈሩ ሕዝብ የደከመ ሰው መርጠው ሜዳይና ጋቢ ይሸልማሉ። «እኛ አገር ያቆየነው የሚሠራባት ሰው እንዲገኝ ነው» ይላሉ ሊቀ መንበራቸው ግራዝማች ገብረጻድቅ። የዚያን ዓመት የተመረጠው አሻግሬ ነው፤ የእድሩ ዳኛ፣ የአቃቂን ወንዝ ድልድይ ያሠራው ሰው።

ሚስቱ መሰለች እልል አለች። ኮቱን ከሳጥን አውጥታ ፀሐይ ላይ ሰቀለችው። እሱ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብቦ አጠፈና ኪሱ ከተተው።

«ምነው፣ መርዶ ነው እንዴ የላኩልህ?» አለችው።

«ኧረ ደስ ብሎኝ ነው።»

«ደስታህ እንዲህ ከሆነ ኀዘንህን አያሳየኝ።»

ኀዘኑንስ ካየችው ቆይታለች። ምን እንደሆነ አታውቀውም እንጂ አሥራ ሁለት ዓመት አብሯቸው በአንድ ጣሪያ ሥር ኖሯል።

አሻግሬ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው። አባቱ ሐዲድ ሲጠግኑ ኖረው ሐዲዱ ዳር ሞቱ። እሱ ጨርቅ ፋብሪካ ገባ፤ የወደቀ ጥጥ ከመጥረግ ጀምሮ በገባ በሰባተኛው ዓመት ካቦ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ፊሽካው እንደ ጮኸ በሩ ላይ ቆሞ የሠራተኛውን ስም የሚጠራው እሱ ነበር። የተጠራው «አቤት» ካላለ በመዝገቡ ላይ «ቀሪ» ተብሎ ይጻፍበታል። በአንድ ወር ሦስት ጊዜ የቀረ ይባረራል። ደንቡን ያወጣው እሱ አይደለም፤ ሲያስፈጽም ግን ዐይኑን አያሽም።

ከሚጠራቸው መካከል ከሊል የሚባል ልጅ እግር ሸማኔ ነበር። ከስልጤ አገር ወንድሙ ዘንድ መጥቶ የተቀጠረ ነው። ወንድሙ ታጁ ፋብሪካው በር አካባቢ ሱቅ ነበረው፤ ቤታቸው ግን ከወንዝ ማዶ ነው። ከሊል ጨዋታ ያውቃል። ስሙ ሲጠራ «አቤት፣ ከነነፍሴ!» ይላል፤ ሰልፉ ሁሉ ይስቃል። አሻግሬም ሳቁን በመዝገቡ ይሸፍናል።

በ1946 ዓ.ም. ነሐሴ ወንዙ እየሞላ ከሊልን ሁለት ቀን አስቀረው። በሦስተኛው ቀን ሲመጣ አሻግሬ በሰው ፊት ጠራው።

«ሁለት ሆኗል። ሦስተኛ ከቀረህ እኔም አላድንህም።»

«ወንዙን ይቅጡት እንጂ ጋሼ! እኔማ መጥቼ ዳር ላይ ቆሜ ነበር።»

«ወንዙ በእኔ መዝገብ የለም» አለ አሻግሬ።

ሰልፉ ሳቀ፤ ከሊልም አብሮ ሳቀ። ይህች ቃል ስትወጣ ቀላል ነበረች፤ በኋላ ግን እንደ አጥንት በአሻግሬ ጉሮሮ ተሰነቀረች።

በማግስቱ ሐሙስ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። አሻግሬ «ከሊል!» ብሎ ጠራ። አንድን ሰው ሁለት ጊዜ ጠርቶ የማያውቀው ሰው ደግሞ ጠራ። ሦስተኛም ጠራ። ከዚያ «ቀሪ» ብሎ ጻፈና ወረቀቱን ወደ ቢሮ ላከ። ቢሮው ከምሳ በፊት ፈረመ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልብስ ሊያጥቡ የወረዱ ሴቶች ከሊልን ወንዙ ከሚታጠፍበት ቦታ፣ ቄጠማ ይዞት አገኙት። የመባረሪያው ወረቀትና አስከሬኑ በአንድ ቀን ታጁ ቤት ደረሱ።

አሻግሬን የወቀሰው ሰው የለም። ለቅሶ ቤት ሄዶ ሰሌን ላይ ሲቀመጥ ታጁ «የአላህ ሥራ ነው» አለውና አንገቱን ደፋ። ነገሩ በዚሁ አለቀ፤ አለቀ ከተባለ።

በዓመቱ አሻግሬ በእድሩ ስብሰባ ተነሥቶ ድልድይ እንሥራ አለ። ፊተኛ ሆኖ «እኔ አለሁበት» ያለው ታጁ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ክርስቲያኑ ከቅዳሴ ሲወጣ፣ ታጁም ሱቁን ሲዘጋ፣ ሁሉም ወንዝ ወርዶ ድንጋይ ተሸከመ። ከባቡር ጣቢያው የተጣለ ሐዲድ ለምነው አግድሙን አጋደሙት፤ ከተረፈውም ለዳርና ዳሩ መደገፊያ አቆሙ። አሻግሬ ካቦነቱን ፋብሪካ ጥሎት ይመጣል እየተባለ ተቀለደበት፤ በድልድዩ ሥራ ማንንም ቀጥቶ አያውቅምና። የእድሩ ጸሐፊ ያልመጣውን «ቀሪ» ብሎ ሊጽፍ ሲል እጁን ይይዘዋል። «ቆይ እስቲ፣ መንገድ ላይ ይሆናል» ይለዋል።

ሁለቱ ሰዎች ከወንድማማች ይልቅ ተዋደዱ። በመካከላቸው ያልተነሣ አንድ ስም ብቻ ነበር። በእድሩ ልማድ አባል ሲሞት ስሙ አይሰረዝም፤ በየወሩ ይጠራል፣ ከቤተ ሰቡ አንዱ «አቤት» ይልለታል። ከሊል ግን ጎጆ ያልወጣ ልጅ ነበርና የእድር አባል አልነበረም። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ስሙን ጮክ ብሎ የጠራው የለም።

የበዓሉ ዋዜማ ከቀትር በኋላ አሻግሬ ወደ ታጁ ሱቅ ሄደ። ታጁ ስኳር በወረቀት ይጠቀልላል።

«ነገ የሚሸለም ሰው ዛሬ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል?»

«ታጁ፣ ሽልማቱን አልቀበልም።»

«ደግሞ ምን ሆንክ?»

«ከሊልን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

የታጁ እጅ ስኳሩ ላይ ቀረ።

«አስፈራራሁት። እኔን ፈርቶ ነው የገባበት» አለ አሻግሬ። «ሦስት ጊዜ ጠርቼው ቀሪ ብዬ ጻፍኩበት። አንተ ይህን እያወቅህ አብረኸኝ ድንጋይ ተሸከምክ። ነገ በዚያ ወንዝ ስም ሜዳይ እንዴት አደርጋለሁ?»

አንዲት ሴት ላምባ ልትገዛ መጣች። ታጁ ቀዳላት፤ ጠርሙሱ አፍ ላይ ፈሰሰበት። ስትሄድ ጨርቅ አንሥቶ እጁን ብዙ ጊዜ ጠረገ።

«ተመልሶ መጥቶ ነበር» አለ።

«ማን?»

«ከሊል። ያን ጠዋት ወንዙ ሞልቷል ብሎ ቤት ተመልሶ መጣ። እኔ ትኩሳት ይዞኝ ተኝቻለሁ። ‹ሌላው ሲሻገር አንተ ምን ሆንክ? ወንድ አይደለህም?› አልኩት። ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ። አንተ ከሩቅ ነው የጠራኸው፣ አሻግሬ። እኔ ከደጃፌ መለስኩት።»

«አሥራ ሁለት ዓመት! ለምን አልነገርከኝም?»

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?»

ታጁ ስኳሩን ጠቅልሎ ጨረሰና «ሽልማቱን ተቀበል» አለ። «ስሙን ግን ጥራልኝ። እኔ ልጠራው ብዬ ድምፄ እምቢ አለኝ። ጥሪ ያንተ ሥራ ነው።»

በማግስቱ በጣቢያው ሜዳ አርበኞቹ የአንበሳ ጎፈራቸውን አበጥረው ደፍተው ተሰለፉ። ግራዝማች «አቶ አሻግሬ ወልደየሱስ!» ብለው ሲጠሩ «አቤት» ብሎ ወጣ። ሜዳዩን ሊያደርጉለት እጃቸውን ሲዘረጉ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ።

«ግራዝማች፣ አንድ ስም ይጨመርልኝ። ከሊል የሚባል ሠራተኛ፣ ወንዙ የወሰደው።»

«ልጄ፣ እኛ የሞተ ሰው ስም አናነብም። የእኛን ሙታን ማንበብ ከጀመርን እዚሁ ጀምበር ትጠልቅብናለች።»

«አንቱ አያንብቡ። እኔ ልጥራው።»

ግራዝማች ዐይኑን አዩት። ከዚያ ሜዳዩን እንደያዙ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

አሻግሬ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ከሊል!» አለ፣ በፋብሪካው በር ድምፁ። የድሮ ሸማኔዎች ድምፁን አውቀው ሳያስቡት ቀጥ ብለው ቆሙ። «ከሊል!» አለ ዳግመኛ። መሰለች ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ሦስተኛውን ሊጠራ አፉን ሲከፍት ድምፁ ተቆረጠ።

«አቤት» አለ ታጁ ከወደ ኋላ። ከሊል ያስከትለው የነበረውን «ከነነፍሴ» ሊጨምር ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ አልወጣለትም።

ግራዝማች የሆነውን አላወቁም። ግን ብዙ የቀበሩ ሰው ናቸውና ጎፈራቸውን አወለቁ፤ ሌሎቹም ተከትለው አወለቁ። ሜዳዩን ያደረጉለት ከዚያ በኋላ ነው።

በዓሉ ሲያበቃ ሁለቱ በእግር ወደ ማዶ ሄዱ። ጋቢው ታጁ ትከሻ ላይ ነበር፤ ማን እንዳለበሰው መሰለችም አላየች። ድልድዩ መካከል ሲደርሱ ቆመው ቁልቁል አዩ። የሚያዝያ ወንዝ ነው። ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ከድንጋይ ድንጋይ እየተንሸራተተ ሄዶ ቄጠማው ሥር ይጠፋል።

«ወንድሜን የወሰደችው ይቺ ናት?» አለ ታጁ።

አሻግሬ ሐዲዱን ተደግፎ ውሃውን አየ።