የታረቅንባት ሞግዚት

ሽማግሌ ሆኜ ከተቀመጥኩባቸው ቀኖች ሁሉ እንደዚያ ቅዳሜ የማፍርበት የለም።

ሃውቶርን ሰፈር የሚኖሩ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን የምትጠብቅ ሞግዚት ከአገር ቤት አስመጥተው ነበር፤ ሩቅ ዘመዳቸው ናት። ፓስፖርቷን ሚስትየዋ ቆልፋባታለች። ሞግዚቷ «ፓስፖርቴን ስጡኝና ልሂድ» ስትል፣ እኔን ጨምሮ ሦስት ሽማግሌዎች ፌርፋክስ መንገድ ላይ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት እንድንሰበሰብ ተጠራን።

ወደዚያ ስነዳ ሴት ልጄ አጠገቤ ሆና የትምህርት ቤት ጽሑፏን ታነብልኝ ነበር። በፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች ባርነት ወዲያው ይወገድ ወይስ ቀስ በቀስ የሚል ክርክር ነው። የእሷ ወገን «ወዲያው» ይላል።

«ጌቶቹ ገና ሬዲ አይደሉም ይላሉ» አለችኝ። «ግን ዳዲ፣ ሰው ነፃ ሳይወጣ ለነፃነት እንዴት ፕራክቲስ ያደርጋል? ደግሞ ሬዲ ነህ የሚለው ያው ጌታው ነው።»

ጎበዝ አልኳት። ኮራሁባት።

ምግብ ቤቱ ውስጥ ልጄ ከጎናችን ጠረጴዛ ተቀመጠች። ሚስትየዋ «እንግሊዝኛ አትችል፣ ከተማውን አታውቅ፤ ብለቃት ትጠፋለች። ለእሷው ብዬ ነው» አለች። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። ትንሹ ልጅ ትምህርት ቤት እስኪገባ ትታገስ ብለን ፈረድን።

«ጋሼ፣ የእኔ ፓስፖርት እኮ ነው» አለችኝ ሞግዚቷ።

እኔ ምን አልኩ? «ቀስ በቀስ ይደርሳል፣ ልጄ።»

ከዚያ እንደ ልማዳችን ታናሽ ናትና ጉልበት ሳሚ አልናት። ጎንበስ ብላ የቆለፈችባትን ሴት ጉልበት ሳመች። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ እኛ ይባስ ብለን ጅቡን መረቅን። ሽማግሌ የሚገባው ሁለት ሰው ሲጣላ ነው እንጂ አንዱ ሌላው ላይ ሲቆልፍ አይደለም። ይህን ለማወቅ ሽበት አልጠቀመኝም።

መኪና ውስጥ ልጄ ጽሑፏን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ዳዲ፣ አንተ የየትኛው ሳይድ ነህ?»

ተናደድኩ፤ ይበልጡን በራሴ ላይ። መኪናውን አዙሬ በቀጥታ ሃውቶርን ሄድኩ። ሚስትየዋ በሩን ከፍታ «ምነው ጋሼ፣ ታርቀን የለ እንዴ?» አለችኝ።

«ለሽምግልና አልመጣሁም። ፓስፖርቷን አምጪ፤ አለዚያ ፖሊስ እጠራለሁ።»

ሞግዚቷ ፓስፖርቷን ይዛ፣ አንዲት ሻንጣ አንጠልጥላ ከኋላ ወንበር ገባች። አመሰግናለሁ አላለችኝም። ደግ አደረገች።