ሁለት ቁልፍ ባንድ ቅጽ

ኤሌኒ ዘውዱ ከገሳይ ከተማ በላይ ካለው የገብስ አገር ወጥታ፣ ከቤተሰቧ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ የረገጠች ልጅ ናት። ኮምፒዩተር ሳይንስ ተምራ ተመረቀች፤ ከዚያ በኋላ ግን ሥራ አጥታ ከአባቷ ቤት ተመልሳ ተቀመጠች። በመጨረሻ ደብረ ታቦር ላይ ለሥራ አጦች የመሥሪያ ሼድ የሚያከፋፍል አንድ ጽሕፈት ቤት በኮንትራት ቀጠራት። የአመልካቾቹ ጉዳይ ከወረቀት ወጥቶ በኮምፒዩተር እንዲታይ ጃቫ በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ፕሮግራም ጻፊ ተባለች።

ጻፈች። ሼድ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ኮሚቴ የአንድ አመልካች ቅጽ ሲከፍት ፎቶው፣ ሙያውና ቀበሌው ይመጣል፤ ከግርጌ ሁለት ቁልፎች ጎን ለጎን አሉ፤ «ይጽደቅ» እና «ውድቅ»። ሁለቱም ቅጹን የሚልኩት ወደ አንድ ቦታ ነው። ተቀባዩ ፕሮግራም የትኛው እንደተነካ የሚለየው ቁልፉ ላይ በተጻፈው ቃል ነበር። ቃሉ «ይጽደቅ» ከሆነ ያጸድቃል፤ ሌላ ማንኛውም ቃል ከመጣ ውድቅ ያደርጋል። ኤሌኒ ሌላ መንገድ ጠፍቷት አልነበረም፤ ቶሎ በይ ስለተባለች ያጠረውን መረጠች።

መጀመሪያ የከተማው አመልካቾች ታዩ፤ እንከን አልተገኘም። የገጠሮቹና ከዓረብ አገር የተመለሱት ተራ ሲደርስ፣ ኃላፊው አቶ ሙላቴ በሯን ገፋ አድርገው ገቡ። እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ቢሮው ሽር ጉድ ላይ ነበር።

«ኤሌኒ፣ ይኼ ‹ይጽደቅ› የምትዪው ደረቅ ነው። ‹ተቀብለናል› በይው፤ ለሰው ጆሮ ደስ ይላል።»

«እሺ ጋሼ፤ ግን ለውጬ ልሞክረው፤ ነገ ይድረስልዎት?»

«አንዲት ቃል ለመለወጥ ምን ሙከራ አለው? አሁን!»

ለወጠችው። የለወጠችው ግን ለዓይን የሚታየውን ቃል ብቻ ነበር። ከውስጥ ያለው ፕሮግራም አሁንም «ይጽደቅ»ን ይጠብቃል።

በዚያው ሳምንት የእብናቷ ሰልማ ኮሚቴው ፊት ቀረበች። ጅዳ ላይ የሰው ቤት ስትጠርግ ወጣትነቷን ጨርሳ፣ በትርፍ ሰዓቷ ስፌት ተምራ፣ ዳግመኛ ላትሄድ ምላ የመጣች ሴት ናት። አቶ ሙላቴ ራሳቸው ቁልፉን ነኩና «ተቀብለናል፤ እንኳን ደስ አለሽ!» አሏት። ሰልማም የስፌት መኪናዋን ከእብናት በአይሱዙ አስጭና አመጣች።

ውጤቱ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ከገጠሮቹና ከተመላሾቹ አንድም ስም አልነበረም። ሰልማ ከኤሌኒ ክፍል ገብታ «እህቴ፣ በአፋቸው ነው የነገሩኝ፤ ወላሂ በአፋቸው» አለች። ኤሌኒ ኮምፒዩተሩን ከፈተች። ከላይ እስከ ታች ውድቅ፣ ውድቅ፣ ውድቅ ይላል። ወዲያው ገባት፤ ‹ተቀብለናል› የሚለውን ቃል ፕሮግራሙ አያውቀውም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለቻት። «ቆይ፣ አሁን አስተካክለዋለሁ።»

ወደ አቶ ሙላቴ ሮጠች። የሆነውን ነገረቻቸው፤ የተነካው ቁልፍ ቃል ተመዝግቦ ስለሚቀር ማን ተቀባይነት እንዳገኘ መለየት እንደሚቻልም አስረዳች። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«የተረፉት ሼዶች ተሰጥተዋል።»

«ለማን?»

«ለሚመለከታቸው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።»

«ጋሼ፣ ሰልማን እኮ እርስዎ ራስዎ ነዎት የተቀበሏት!»

«ለሕዝቡ ኮምፒዩተር አያዳላም፣ አይሳሳትም ብለናል። ዛሬ ተሳሳተ ብንል ማን ያምነናል?»

«ኮምፒዩተሩ አይደለም የተሳሳተው። እኔ ነኝ የተሳሳትሁት።»

«እንግዲያው ዝም በይ።»

ዝም አላለችም። ለሰልማና አብረዋት ለወደቁት አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ተሰብስበው አቤት ቢሉ አቶ ሙላቴ እጃቸውን ዘርግተው፣ «እኔማ ተቀብዬ ነበር፤ ሲስተሙ ነው እምቢ ያለው» አሉ። ሰዉም እርስ በርሱ ተያይቶ ተበተነ። ከሰው ጋር ይካሰሳል፤ ከሲስተም ጋር ማን ይከራከራል?

ኤሌኒን ለቀጣዩ ዙር አስተካክዪው አሏት። ለእያንዳንዱ ቁልፍ ከላዩ የሚጻፈው ቃል ቢለዋወጥም የማይለወጥ የራሱ መጠሪያ ሰጠችው፤ ቡና ሳይበርድ የሚያልቅ ሥራ ነበር። በወሩ ኮንትራቷ አልታደሰም።

ቤት ስትመለስ እናቷ ወይዘሮ ፈንታነሽ «ምን አጥፍተሽ ነው?» ብለው ጠየቋት።

«ሁለት ቁልፍ ነበር እማ፤ ተምታታብኝ።»

«ቁልፍ ቢምታታ በር ይገነጠላል እንጂ ሰው ይባረራል?»



ሰልማን ያገኘቻት ደብረ ታቦር መናኸሪያ፣ የባሕር ዳር መኪና ስትጠብቅ ነው። ተመልሳ ጅዳ ለመሄድ የስፌት መኪናዋን ሽጣዋለች። ኤሌኒ ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ሰልማ ቀደመቻት።

«አንቺ እንኳ እውነቱን ነግረሽኛል፤ አላህ ይስጥሽ። ግን እውነት ሰምቼ የት ልግባበት?»

ረዳቱ ተሳፋሪ ሲጠራ ሻንጣዋን ራሷ አንስታ ገባች፤ ኤሌኒ ላግዝሽ ብትል እሺ አላለቻትም። መኪናው ሲወጣም በመስኮት ዞራ አላየቻትም።