የኒውትሮን ማጣሪያው አቧራ

በሰው አገር፣ ፋርመርስ ብራንች በምትባል ከተማ ውስጥ በነበረ አንድ ትንሽ ወርክሾፕ ቤሪሊየም የሚባል ብረት እየቆረጥኩ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ። ጡብ የሚያካክሉ ቁራጮች አለስልሰን ለምርምር ጣቢያዎች እንልካለን። እማዬ ምን እንደምሠራ ስትጠይቀኝ ወንፊት ነው አልኳት። ማለቴ፣ ውሸት አይደለም። ኢንጂነራችን እንዳስረዳኝ፣ ተመራማሪዎቹ የሚፈልጉት ቀዝቃዛ፣ ማለትም ዝግ ያለ፣ ሽክርክሪቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የተስተካከለ የኒውትሮን ጨረር ነው፤ አጭር ሞገድ ያላቸው ፈጣኖቹ ከተቀላቀሉበት ልኬቱ ይበላሻል። ሶ፣ በጣም የቀዘቀዘ ቤሪሊየም መንገዱ ላይ ይደቀናል፤ አጫጭሮቹን ወደ ጎን በትኖ ረጃጅሞቹን ያሳልፋል። "እሰይ፣ ንጹህ ሥራ ነው" ብላ እማዬ መረቀችኝ።

የብረቱ አቧራ ሳንባ እንደሚጎዳ ተነግሮናል። ማሽኑ ላይ ስሠራ ጭንብል አደርጋለሁ። ጋዋኑን ደግሞ እዚያው ጥሎ መውጣት ነው ደንቡ፤ ድርጅቱ ያሳጥበዋል። እማዬ ከአገር ቤት መጥታ ሳክሲ ከተማ ያለው ቤቴ አብራኝ መኖር ስትጀምር ይህን ሰማችና ተቆጣች።

"እናትህ እያለች፣ ልብስህን ከማን ልብስ ጋር እንደሚዘፈዝፉት ሳታውቅ?"

እሷን እምቢ ማለት አልሆነልኝም። ደንቡን ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ በየዓርቡ ጋዋኔን በፌስታል ይዤላት እገባ ጀመር። አደጋው ማሽኑ ጋ የሚቀር መስሎኝ፣ ደደብ። እሷ ደግሞ ልብስ ሳታራግፍ ውሃ አታስነካም። ጓሮ ወጥታ አጥሩ ላይ እየመታች ስታራግፈው አቧራው ፊቷ ላይ ይቦንን ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ማሳል ጀመረች። ከሳች፣ ደረጃ መውጣት አቃታት። ቤድፎርድ ያለው ሐኪም ከየት እንደመጣች ጠየቀና የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት አስጀመራት። እሷም አመነች። ብርጭቆዋን ለየች፤ ሳወራት እንዳይጋባብኝ አፏን በነጠላ ሸፍና ወደ ግድግዳው ትዞራለች። ወራት አለፉ፣ ለውጥ የለም። በመጨረሻ ሌላ ሐኪም ስለ እኔ ሥራ ጠየቀና ደሟን አስመረመረ። የቤሪሊየም በሽታ ነው፣ አይድንም አለኝ።

ሳምንቱን ሙሉ መንገር ፈራሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መኪናውን ፓርክ አድርጌ፣ ሳንወርድ ነገርኳት። ነቀርሳ አይደለም፣ ከጋዋኔ ነው፣ እኔ ነኝ ያመጣሁብሽ አልኳት።

"አንተስ ተመረመርክ?" አለችኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም።

ተመረመርኩ። ምንም የለብኝም። ውጤቱን ሳነብላት የኦክስጅን ቱቦውን ከአፍንጫዋ አውልቃ ልትሰግድ ከአልጋዋ ወረደች። ግንባሯን መሬት አስነክታ መነሳት አቃታት። ቱቦውን መልሼላት፣ ትንፋሿ እስኪመለስ አቅፌያት ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

"ተመስገን በል እንጂ" አለችኝ።

ተመስገን ከማለት ይልቅ ቱቦውን አፍንጫዋ ላይ አስተካከልኩላት።