መርዶ ያልቀደመው ለቅሶ

አክስቴ ስንዱ ፖሊስ አትፈራም፤ ፋብሪካ ውስጥ በዕብራይስጥ የሚጮህባትን አለቃ እንኳ በአማርኛ መልሳ ትጮህበት ነበር። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች በጠዋት ተሰብስበው ሲመጡ ካየች ግን መግቢያ ቀዳዳ ይጠፋታል። በኛ ወግ መርዶ እንዲያ ነው የሚመጣው፤ በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ።

ባሏ ዳምጤ ሱዳን ቀርቷል። እኛን ከመጠለያው ወደ እስራኤል አውሮፕላን የሚወስደው መኪና የመጣ ለት በትኩሳት ተይዞ መነሳት አቃተው። “አንቺ ከልጂቱ ጋር ሂጂ፣ በሚቀጥለው እደርሳለሁ” አላት። ልጂቱ እኔ ነኝ፣ የወንድሟ ልጅ። የሚቀጥለው መኪና ሳይመጣ ጉዞው ሁሉ ቆመ። እኛ ፔታህ ቲክቫ ከተማ፣ ራማት ቬርበር ሰፈር ቤት ተሰጠን፤ ከሱ ግን ወሬ የለም።

በፈረንጆቹ ሰማንያ አምስት፣ ሙቀቱ ሲጀምር፣ አስተርጓሚያችን ይሻሽ መጥታ ኤን ጋኒም ሰፈር ውስጥ ሴሬት ሊሠራ ነው አለችን፤ ፊልም ማለቷ ነው። እዚህ አገር ስሙ ሲጠራ ገና ሰው መሳቅ የሚጀምርለት አንድ ቀልደኛ ጸሐፌ ተውኔት አለ፤ ድራማዎቹን አንድ በአንድ ወደ ፊልም እየለወጡለት ነበር። የዚህኛው ታሪክ አንድ ስስታም ነጋዴ ጎረቤቶቹ ምን እንደሚሉት ለመስማት የሞተ መስሎ መተኛቱ ነው። መድረክ ላይ የምታለቅስለት ሚስቱ ብቻ ነበረች። ለፊልሙ ግን ዳይሬክተሩን ዳቪድን የመንደር ሙሉ ለቅሶ አማረው። የኛን ሴቶች የት ሲያለቅሱ እንዳየ እንጃ፣ እነሱን ካላመጣችሁልኝ ሞቼ እገኛለሁ አለ።

ሴቶቹ ተመካከሩ። “ጨዋታ ነው፣ ሰውየው በሕይወት አለ፣ ምን አለበት” ተባባሉ። ስንዱም ሄደች፣ እኔም ተከተልኋት።

እዚያ ስንደርስ አንድ ሰውዬ ነጋዴውን ሆኖ በነጭ አንሶላ ተሸፍኖ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ዳቪድ “ያላ!”፣ ጀምሩ፣ ሲል ሴቶቹ ሳቃቸው እያመለጣቸው ደጋግሞ አስቆማቸው። በኋላ ጎረቤታችን ፋንትነሽ ከልቧ አንድ ሙሾ አወረደች፤ ነገሩ ያኔ ተለወጠ። በኛ አገር ለቅሶ ቤት የሄደ ሰው እፊቱ ላለው ሬሳ ብቻ አያለቅስም፤ የራሱን ሙት ጠርቶ ነው የሚያለቅሰው። ፋንትነሽ መንገድ ላይ የቀበረቻትን እናቷን ጠራች፣ ሌላዋ ልጇን። የአክስቴ እጅ ደረቷን ሲመታ አየሁ። “ዳምጤ! ዳምጤ፣ በረሃ የዋጠህ!”

የሰውየው የእግር አውራ ጣት ከአንሶላው ወጥቶ ተነቃነቀ። እንዲያስቅ የተጻፈ ነበርና ካሜራው ኋላ የቆሙት አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ዳቪድ “በሰደር! በሰደር!”፣ ጥሩ ነው፣ እያለ አጨበጨበ። አክስቴ ግን አፏን በነጠላዋ አፈነች። መርዶው ላልተነገረ ሰው ማልቀስ በኛ ዘንድ ሟርት ነው።

“ገደልሁት” አለችኝ አውቶቡስ ውስጥ። “በአፌ ገደልሁት።”

“ኧረ አክስቴ፣ ጨዋታ እኮ ነው።”

“ሞት ይጫወታል?”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ፍርሃት ገባ። መንገዱን በመጋረጃ ቀዳዳ ሳታይ ለሥራ አትወጣም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ፊቷ አመድ ይመስላል። ፍርሃቷ ወደኔ ተጋባና እኔም መንኳኳት መፍራት ጀመርሁ።

አንድ ጠዋት መጡ። የሰፈራችን ትልቅ ሽማግሌ አባ ካሳው ከፊት፣ ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላ፣ ሦስቱም ጋቢ ለብሰዋል። በሩን ቆለፈችና ቁልፉን ጡቷ ሥር ወሸቀችው። “ካልከፈትሁ አልተነገረኝም፤ ካልተነገረኝ አልሞተም” አለችኝ። እኔም በጀርባዬ በሩን ደግፌ ቆምሁ፤ ፈርቼ ነበር።

“ስንዱ ልጄ፣ በጎ ነው!” አሉ አባ ካሳው ከውጭ። “የሴሬቱ ነገር ነው!”

ለካ ዳቪድ የቀረጸው ድምፅ አልጠራለት ብሎ ለቅሶው ይደገምልኝ ማለቱ ነው። ይሻሽ ደግሞ እነዚህ ሰዎች በሽማግሌ ካልተለመኑ እሺ አይሉም ብላ መክራዋለች። አባ ካሳውስ ምን ነካቸው? በጠዋት፣ በጋቢ፣ ሦስት ሆኖ! እስከ ዛሬ ያናድደኛል። አክስቴ በሩን ከፍታ ጉልበታቸውን ስማ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። “አንዴ ገድዬዋለሁ፣ አልደግመውም በሉት” አለች። ፊልሙ በመጀመሪያው ለቅሶ ወጣ።

በዚህ አገር ክረምት፣ ብርዱ ሲገባ፣ በከተማው አዳራሽ አሳዩን። “ዳምጤ!” የሚለው ድምፅዋ ሲሰማ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የሳቁት በተነቃነቀው አውራ ጣት ነው። እሷ ግን በባሏ ስም የሳቁ መሰላትና እያለቀሰች ወጣች።

ፋሲካ ሲቃረብ ሽማግሌዎቹ እንደገና መጡ። አክስቴ በመስኮት አይታ “ደግሞ መጡ!” አለችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች።

“ዛሬም ሴሬት ነው? አላለቅስም ብያለሁ እኮ!”

ማንም አልሳቀም። አባ ካሳው “ቁጭ በይ ልጄ” አሏት። አብሯቸው አንድ የማናውቀው ሰው ነበር፤ ዘግይቶ ከሱዳን የገባ፣ እዚያ ከዳምጤ ጋር በአንድ ጎጆ የነበረ። አባ ካሳው መርዶውን ተናገሩ። እሷ አላለቀሰችም።

“መቼ?” አለች።

“መቼውን ምን ያደርግልሻል፣ ልጄ?”

“መቼ ነው የሞተ?”

ሰውየው መሬት መሬት እያየ መለሰ። “እናንተ በሄዳችሁ በሳምንቱ። ትኩሳቱ አልለቀቀውም። ወታደር እንዳይሰማን ሌሊት ዝም ብለን ቀበርነው፤ ጮኾ ያለቀሰለት አልነበረም።”

በሳምንቱ፤ ፊልሙ ከመሠራቱ ከወራት በፊት ማለት ነው።

“አልገደልሁትማ” አለች አክስቴ። ወደኔ ዞረች። “ሰምተሻል? ያን ጊዜ ሞቶ ነበር። ያለቀስሁት ለሞተ ነው። አልቅሼለታለሁ!”

ከዚያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ፋንትነሽን እንድጠራ ላከችኝ።